የተቀመጡ ሁለት ሴሽኖችን ከመግቢያ ገጹ ላይ መምረጥ ይቻላል ወይ?

ባለሁለት_ሥራ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ማሽኔ ላይ ዴቢያን 12 የተባለው ሊኑክስ ተጭኖ ኤክስኤፍሲኢ 4.18 የተባለውን ዴስክቶፕ እጠቀማለሁ፤ የመግቢያ ገጹን የሚያወጣልኝ ላይትዲኤም ነው። በዚህ አንድ ማሽን ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን ስለምሠራ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገርኩ ቁጥር መስኮት መዝጋትና መክፈት፣ ማስፋትና ማጥበብ ሰልችቶኛል። ጠዋት ትርጉም እሠራለሁ፤ በስተግራ ዋናው ሰነድ፣ በስተቀኝ ትርጉሙ በሊብሬኦፊስ ተከፍተው፣ ከኋላቸው የፒዲኤፍ ማንበቢያው ይቆማል። ማታ ደግሞ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ ያን ጊዜ የምፈልገው ሦስት ተርሚናል፣ አንድ ኤዲተርና ፋየርፎክስ ነው።

ኤክስኤፍሲኢ ሴሽንን፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ከነአቀማመጣቸው፣ እንደሚያስቀምጥ ሳነብ መፍትሔውን ያገኘሁ መሰለኝ። የትርጉሙን መስኮቶች አሰናድቼ፣ ከቅንብሮቹ ውስጥ «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» የሚለውን ከፍቼ፣ የአሁኑን ሴሽን በሚያሳየው ትር ሥር ያለውን የማስቀመጫ ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘግቼ የማታውን ሥራ መስኮቶች ደረደርኩና ያንኑ ቁልፍ በድጋሚ ተጫንኩ። ወጥቼ ስመለስ በመግቢያ ገጹ ላይ ሁለቱን አገኛለሁ ብዬ ነበር። በላይኛው ቀኝ ጥግ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስነካት ግን የወጡልኝ «ዲፎልት ኤክስሴሽን» እና «ኤክስኤፍሲኢ ሴሽን» ብቻ ናቸው። በየትኛውም ብገባ የሚመጣልኝ የማታው ሥራ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የጠዋቱ ሴሽን የት ገባ? ሁለቱንስ በመግቢያ ገጹ ዝርዝር ውስጥ እንዴት ላወጣቸው እችላለሁ? ሁለት የተጠቃሚ ስም ፍጠር የሚለውን ምክር ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ፋይሎቼን በሁለት ስም ከፍዬ ፈቃድ ስሰጥና ስነሣ መኖር ስለማልሻ ያንን መንገድ ትቼዋለሁ።

አሮጌ_ተርሚናል፦

«ሴሽን» የሚባለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠራ፣ በዚህ ቦታ ያልተሳሳተ ሰው ጥቂት ነው። በመግቢያ ገጹ ላይ የሚያዩት ዝርዝር የዴስክቶፕ ዓይነቶች ዝርዝር ነው። ላይትዲኤም በሲስተሙ ውስጥ ኤክስሴሽንስ እና ዌይላንድ-ሴሽንስ በተባሉት ሁለት ፎልደሮች ያሉትን ባለ ዴስክቶፕ ቅጥያ ፋይሎች አንብቦ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የተጻፈውን ስም ያወጣል፤ ሲመርጡ ደግሞ በዚያው ፋይል ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ያስነሣል። ከዚህ የዘለለ እውቀት የለውም። እርስዎ ያስቀመጡት ግን በኤክስኤፍሲኢ የሴሽን አስተዳዳሪ እጅ ያለ፣ ክፍት የነበሩ ፕሮግራሞች መዝገብ ነው፤ ይህም የሚገኘው በራስዎ የቤት ፎልደር ውስጥ ነው። የመግቢያ ገጹ በራሱ የሲስተም ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ ያንን ፎልደር ገልጦ የማየት መብት አይኖረውም፤ ፎልደሩ የተመሰጠረ ከሆነማ ይለፍ ቃልዎን እስኪያስገቡ ድረስ ማንም ሊያነበው አይችልም። በር ጠባቂው የትኛው ቤት እንደሚገቡ ይጠይቃል እንጂ ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

የመጀመሪያው ሴሽን የት እንደገባ ለማየት፣ በዚያው ቅንብር ውስጥ የተቀመጡ ሴሽኖችን የሚያሳየውን ትር ይክፈቱ። «ዲፎልት» የሚል አንድ መስመር ብቻ እንደሚያገኙ እገምታለሁ። የተጫኑት ቁልፍ ስም አይጠይቅም፤ በዚያ ሰዓት የገቡበትን ሴሽን በራሱ ስም ላይ መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ ማታ ያስቀመጡት የጠዋቱን ደምስሶታል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሳይጠይቅዎ መደምሰሱ ነው።

ሁለት ስም እንዲኖርዎ የሚያደርገው ከይለፍ ቃሉ በኋላ የሚወጣ መምረጫ ነው። በአጠቃላዩ ትር ላይ «ዲስፕሌይ ቹዘር ኦን ሎጊን» የሚል ሣጥን አለ፤ ምልክት ያድርጉበትና ወጥተው እንደገና ይግቡ። ዴስክቶፑ ከመነሣቱ በፊት የተቀመጡ ሴሽኖች የተዘረዘሩበት መስኮት ይመጣል፤ እዚያው አዲስ ሴሽን የሚፈጥር ቁልፍ ስላለ እሱን ተጭነው «ትርጉም» ብለው ይሰይሙት። ፓነሉና ባዶው ዴስክቶፕ ብቻ ይነሣል፤ መስኮቶችዎን ያሰናዱና ያስቀምጡ። ከዚያ ወጥተው ለማታው ሥራም እንዲሁ ያድርጉ። ስሙን በአማርኛ ቢጽፉትም መምረጫው ያሳየዋል፤ ሆኖም በኋላ በስክሪፕት (ትእዛዞች በተጻፉበት ፋይል) ለመጥራት ካሰቡ በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር ስም ከብዙ ጣጣ ያድንዎታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በአጠቃላዩ ትር ላይ ሲወጡ ሴሽኑን በራሱ የሚያስቀምጠውን ምልክት ያንሡት፤ በመውጫው መስኮት ግርጌ ያለውን «ለወደፊት መግቢያ ሴሽኑን አስቀምጥ» የሚለውን ሣጥንም ባዶ ይተዉት። አለበለዚያ አንድ ቀን ቸኩለው ሁሉንም መስኮት ዘግተው ሲወጡ፣ ያን ሁሉ የለፉበት አቀማመጥ ባዶ ሆኖ ይቀመጥና በማግስቱ ባዶው ይጠብቅዎታል። በዚህ የተበሳጨሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው የእኔው ጥፋት ነበር።

ምልክት_ፈላጊ፦

ከላይ ባለው መልስ ላይ ጥቂት ልጨምር። መዝገቡ ያለው በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ካለው ስውር የካሽ ፎልደር ሥር፣ ሴሽንስ በተባለው ክፍል ነው፤ በ4.18 የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የማሽኑ ስምና የማሳያው ቁጥር ተጽፎ ያገኙታል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በማንኛውም ኤዲተር ይከፈታል፤ ሁሉም ሴሽኖች በዚያው አንድ ፋይል ውስጥ ተከታትለው፣ እያንዳንዱም በቅንፍ ከተጻፈ ስሙ ሥር የፕሮግራሞቹን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ማስነሻ ትእዛዝና ይሠራበት የነበረውን ፎልደር ይዞ ይታያል። የመስኮቶቹን ቦታና ስፋት የሚይዘው ግን ሌላ ፋይል ነው፤ እሱን የሚጽፈው የመስኮት አስተዳዳሪው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የማሽንዎን ስም ከቀየሩ የተቀመጡት ሴሽኖች የጠፉ ይመስላሉ፤ ፋይሉ ግን በአሮጌው ስም እዚያው ተቀምጧል፣ ስሙን ማስተካከል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ካሽ የሚባለው ፎልደር ቢጸዳ ምንም አይጎድልም ተብሎ የሚታሰብ ቦታ በመሆኑ፣ ዲስክ አስለቅቃለሁ የሚል የጽዳት ፕሮግራም ሙልጭ አድርጎ ሊያጠፋው ይችላል። እኔ ያጣሁት በዚህ መንገድ ነው። ለምን በካሽ ውስጥ እንዲቀመጥ እንደተወሰነ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም፤ ሰው በእጁ ያሰናዳው ነገር ካሽ አይደለም። ሁለቱም ሴሽኖች እንደሚፈልጉት ከተቀመጡ በኋላ የሴሽንስ ፎልደሩን ሙሉውን ወደ ሌላ ቦታ ቀድተው ያኑሩት።

በመግቢያ ገጹ ዝርዝር ላይ በቀጥታ ይታዩልኝ የሚለው ፍላጎትዎም የማይቻል አይደለም፤ በር ጠባቂው የሚያውቀው ቤት ብቻ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጓዳ የራሱን በር መሥራት ነው። በኤክስሴሽንስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ፋይል በሁለት አዲስ ስም ይቅዱት፤ በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ፈቃድ ነው የሚሠራው። ባዶ ፋይል ከመጻፍ መቅዳቱን የምመርጠው፣ ዴስክቶፑ ኤክስኤፍሲኢ መሆኑን የሚናገረው መስመር አብሮ እንዲመጣ ነው፤ ያ መስመር ከጎደለ ለኤክስኤፍሲኢ ብቻ ተብለው የተመዘገቡ በራሳቸው የሚነሡ ፕሮግራሞች ላይነሡ ይችላሉ። በቅጂዎቹ ውስጥ ስሙን አንዱን «ትርጉም» ሌላውን «ፕሮግራም» ብለው ይለውጡት፤ በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ የስም መስመሮች ካሉ ያጥፏቸው፤ ማስነሻ ትእዛዙን ደግሞ ወደ ራስዎ ስክሪፕት ሙሉ አድራሻ ያዙሩት።

ስክሪፕቱ ለሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል። ላይትዲኤም የመረጡትን ፋይል ስም፣ ቅጥያው ተቆርጦ፣ «ዴስክቶፕ ሴሽን» በሚል የከባቢ ተለዋዋጭ (የሚነሡት ፕሮግራሞች ሊያነቡት በሚችሉት የተሰየመ ዋጋ) ውስጥ ያስቀምጥልዎታል። ስለዚህ የፋይሉንና የተቀመጠውን ሴሽን ስም አንድ ካደረጓቸው፣ ስክሪፕቱ ሁለት መስመር ብቻ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ኤክስኤፍኮንፍ-ኩዌሪ በተባለው የኤክስኤፍሲኢ ቅንብር መለወጫ ትእዛዝ አማካይነት፣ በኤክስኤፍሲኢ4-ሴሽን ቻነል (የቅንብር ክፍል) ውስጥ «ጄኔራል» ሥር ያለውን «ሴሽንኔም» የተባለ ዋጋ በዚያ ተለዋዋጭ ይተካዋል፤ ዋጋው ከዚህ በፊት ካልነበረ እንዲፈጠር የሚያዘውን ምልክትና ዓይነቱ ስትሪንግ (ጽሑፍ) መሆኑን መጨመር አይርሱ። ሁለተኛው መስመር የተለመደውን የኤክስኤፍሲኢ ማስነሻ ይጠራል። ቀድሞ በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ በሴቲንግስ ኤዲተር ውስጥ ይህንኑ ቻነል ከፍተው ዋጋውን ማግኘት ይችላሉ። ከይለፍ ቃሉ በኋላ የሚወጣውን መምረጫ ደግሞ መልሰው ያጥፉት፤ ክፍት ከሆነ ስክሪፕቱ ቢመርጥም እርስዎን ደግሞ ይጠይቅዎታል።

የሰጡት ስም በመዝገቡ ውስጥ ከሌለ አይደንግጡ፤ አስተዳዳሪው መነሻውን ባዶ ሴሽን ያስነሣል።

ባለሁለት_ሥራ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተቀመጡ ሴሽኖች ትር ላይ እንደተገመተው «ዲፎልት» የሚል አንድ መስመር ብቻ አገኘሁ። መምረጫውን አብርቼ ሁለቱን በየስማቸው አስቀመጥኩ፤ ያ ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ወደ ስክሪፕቱ ገባሁ። ሁለቱ ስሞች በመግቢያ ገጹ ዝርዝር ላይ ሲወጡ ደስ አለኝ፤ «ትርጉም» የሚለውን መርጬ ስገባ ግን ከሰማያዊው ጀርባ መሐል ትንሽ ግራጫ መስኮት መጣች። ስክሪፕቴን ማስነሣት እንደማይቻልና ወደ ነባሪው ሴሽን እንደሚመለስ በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል፤ ከሥሯ አንድ ቁልፍ አላት። ቁልፏን ስጫን ዴስክቶፑ ተነሣ፤ የመጣው ግን መጨረሻ የገባሁበት የማታው ሥራ ነው። የስክሪፕቱን አድራሻ ሦስት ጊዜ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም። ምን ጎደለኝ?

ምልክት_ፈላጊ፦

የማስኬድ ፈቃድ ይመስለኛል፤ ሳልነግርዎት መዝለሌ የእኔ ስሕተት ነው። በዴቢያን ላይትዲኤም ማስነሻ ትእዛዙን በቀጥታ አያስነሣም፤ ኤክስሴሽን በተባለው የሲስተሙ ስክሪፕት በኩል ያሳልፈዋል። ያ ስክሪፕት የተሰጠው ፋይል የሚሄድ ፕሮግራም መሆኑን ይመረምራል፤ የማስኬድ ፈቃድ ከሌለው ፋይሉ በቦታው ቢኖርም የለም ብሎ ይናገርና ነባሪውን ያስነሣል። ግራጫዋ መስኮት የእርሱ ናት። በተርሚናል ለስክሪፕቱ የማስኬድ ፈቃድ ይስጡት፤ ይህንኑ ለማድረግ የፋይል አስተዳዳሪውን የባሕርያት መስኮት መጠቀምም ይችላሉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የትኛው ሼል (የትእዛዝ አንባቢ) እንደሚያነበው የሚገልጸውን ምልክትም መጻፍዎን ያረጋግጡ።

ወደፊት ምንም መስኮት ሳያወጣ ወደ መግቢያ ገጹ የሚመልስዎ ከሆነ፣ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭነው በጽሑፍ ኮንሶል ይግቡ፤ በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ያለው ስውሩ የኤክስሴሽን የስሕተት መዝገብ ከመጨረሻ መስመሮቹ በአንዱ ምክንያቱን ይነግርዎታል። ዋናውን የኤክስኤፍሲኢ ፋይል ስላልነኩት ደግሞ ሁልጊዜ በእርሱ በኩል መግባት ይችላሉ።

የፕላዝማ_ሰው፦

ኬዲኢ ፕላዝማ የተባለውን ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ይህን አንብባችሁ ልትሞክሩት ስለምትችሉ፣ በእኛ ዘንድ ነገሩ ለየት እንደሚል ልጥቀስ። በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ስለ ዴስክቶፕ ሴሽን በሚናገረው ገጽ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፤ መጨረሻ ሲወጡ የነበረውን መመለስ፣ በእጅ የተቀመጠውን መመለስ፣ ወይም በባዶ መጀመር። ሁለተኛውን ከመረጡ በማስጀመሪያው ምናሌ ውስጥ ሴሽን የሚያስቀምጥ ቁልፍ ይጨመራል፤ ነገር ግን በእጅ የሚቀመጠው አንድ ብቻ ነው፣ ስም ሰጥተው ከሁለት የሚመርጡበት መስኮት የለም። በኤስዲዲኤም መግቢያ ገጽ ላይ የሚታየው ዝርዝርም እንደ ላይትዲኤሙ የዴስክቶፕ ዓይነት ዝርዝር ነው።

ሌላው ዌይላንድ፣ ማለትም በቀድሞው ኤክስ ፈንታ መስኮቶችን በማያው ላይ የሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት ነው። ፕሮግራሞች ከሴሽን አስተዳዳሪ ጋር የሚነጋገሩበት ኤክስኤስኤምፒ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ከኤክስ11 አር6 ጋር የወጣ፣ ከኤክስ ዓለም የተወለደ ነው። ከ2024ቱ ፕላዝማ 6 ጀምሮ ነባሪው ዌይላንድ ስለሆነ፣ በእኔ ማሽን ላይ ፕሮግራሞቹ ሲነሡ መስኮቶቹ በነበሩበት ቦታ አይቀመጡም። ኤክስኤፍሲኢም በታኅሣሥ 2024 ከወጣው 4.20 ጀምሮ በሙከራ ደረጃ ያለ የዌይላንድ ሴሽን ስለጨመረ፣ ወደፊት ስታሻሽሉ በመግቢያ ገጹ ላይ ሁለት ኤክስኤፍሲኢ ብታዩ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆናችሁ ከስሙ አጠገብ ዌይላንድ ያልተጻፈበት ነው።

አሮጌ_ተርሚናል፦

የፕላዝማ ሰው ያነሡት ስምምነት አንድ ነገር ያብራራል። የሴሽን አስተዳዳሪው የፕሮግራሙን ሆድ አያውቅም፤ ሲያስቀምጥ እያንዳንዱን ፕሮግራም «እንደገና ላስነሣህ ብፈልግ በምን ትእዛዝ ልጥራህ?» ብሎ ይጠይቅና የተሰጠውን መልስ ይጽፋል። መልስ የማያውቅ ፕሮግራም አይመለስም፣ ወይም ባዶውን ይመለሳል። የኤክስኤፍሲኢ ተርሚናል ለምሳሌ ትሮቹንና የነበረበትን ፎልደር ይመልሳል፤ በውስጡ ይሄድ የነበረው ኤዲተር ወይም ከሌላ ማሽን ጋር የነበረው ግንኙነት ግን አብሮ አይመጣም። የጀርባ ሥዕሉና የፓነሉ አቀማመጥም የሴሽኑ አካል አይደሉም፤ በአንዱ ከለወጧቸው በሌላውም ተለውጠው ያገኟቸዋል። ጂዲኤም በተባለው የመግቢያ ገጽ የሚገቡ አንባቢዎች ደግሞ ዝርዝሩን ካጡት አይገረሙ፤ የማርሽ (ባለጥርስ መዘውር) ምልክቷ የምትታየው ስማቸውን ከመረጡ በኋላ ነው፣ ያውም ከአንድ በላይ የዴስክቶፕ ዓይነት ሲኖር ብቻ።

ባለሁለት_ሥራ፦

የማስኬድ ፈቃዱ ነበር። ፈቃዱን ሰጥቼ ወጥቼ ስገባ ግራጫዋ መስኮት ሳትመጣ ትርጉሙ ተነሣ፤ ሊብሬኦፊስ ሁለቱን ሰነዶች በግራና በቀኝ አቆመልኝ። የፒዲኤፍ ማንበቢያው ግን ፋይል ሳይዝ ባዶውን ስለሚነሣ፣ አሮጌ ተርሚናል እንዳሉት መልስ የማያውቅ ፕሮግራም መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ በስክሪፕቱ ውስጥ ሴሽኑ «ትርጉም» ከሆነ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ማንበቢያውን ከነፋይሉ የሚያስነሣ አንድ መስመር ጨመርኩ። በማታው ሴሽን ሦስቱ ተርሚናሎች በየፎልደራቸው ተነሥተው ይጠብቁኛል፤ ኤዲተሩን በየማታው በእጄ መክፈቱን ለምጄዋለሁ። ሲወጡ የሚያስቀምጠውን ምልክት አንሥቻለሁ፣ የሴሽንስ ፎልደሩንም ከሰነዶቼ ጋር ቀድቼ አስቀምጫለሁ።